ይረታል

በጋላትስ ወደብ ላይ ዳኑብ በረዶ አዝሎ፣
ጀልባው ቆሟል ከዳር መልሕቁን ጥሎ።
ስድስት ተሳፋሪ፣ ዐሥራ አንድ ፍልጥ እንጨት፣
አንድ የብረት ምድጃ፣ የማያልቅ ሌሊት።

ፕሮፊራ ነች ያቺ፣ ሽርጧን ያልፈታች፣
በእህል ጫኝ መርከብ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሾርባ ያማሰለች።
ካርታ አወጣች ከኪሷ፣ ጠርዙ የተበላ፣
አንድም ሳትደብቅ፣ ፊቱን ገልጣ ሁላ፤
ከአንድ እስከ ስድስት፣ ከየዓይነቱ አራት፣
ሃያ አራት ሆነና ጠረጴዛው ሞላላት።

«ደንቡ ቀላል ነው» አለች፣ «በየተራ ማንሣት፣
እየደመሩ መሄድ። የተነሣ ካርታ አይመለስም፤ እሷን እንዳትረሳት።
ሠላሳ አንድን በልኩ የደፈነ ይረታል፤
ከሠላሳ አንድ ያለፈ፣ እሱም ይረታል።»
(በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሁለቱም መንታ ናቸው፤
አንዱ ላልቶ፣ አንዱ ጠብቆ፣ ምላስ ነው የሚለያቸው።)

ውርርዱ ገንዘብ አይደል፣ ያቺው ወንበር ናት፣
ከእሳቱ ሥር ያለች፣ ጉልበት የሚሞቅባት።

ዶሪኔል ፈገግ አለ። ያሽ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛ ዓመቱ፣
ቁጥር ማለት ለሱ የእናት የአባት ቤቱ።
«ሰባት ነው ሚስጥሩ» አለ በሆዱ ውስጥ፣
«አንድ ስታነሣ ስድስት፤ ጨርሶ አላመልጥ!
አራት ስትል ሦስት፤ ሰባት ሰባት ስሞላ፣
ሦስት፣ ዐሥር፣ ዐሥራ ሰባት፣ ሃያ አራት፣ ከዚያ በኋላ
ሠላሳ አንድ ነው፣ አለቀ፤ ምን ጨዋታ አለ ሌላ?»

ሦስት አነሣ ፈጥኖ። እሷ አራት። «ሰባት።»
እሱ ሦስት። «ዐሥር።» እሷ አራት። «ዐሥራ አራት።»
(ሌላ ቁጥር አታውቅም? አዘነላት በልቡ፤
ምስኪን፣ ዛሬስ በብርድ ሊያስቀራት ነው ጥበቡ።)
ሦስት። «ዐሥራ ሰባት።» አራት። «ሃያ አንድ።»
ጀልባ ነጂው ተነሥቶ ፍልጥ ጨመረ፣ አንድ።
ሦስት። «ሃያ አራት።» እግሩን ዘረጋ ወደ ወንበሯ።
አራት አነሣች እሷ፤ ሳይቋጠር ግንባሯ።
«ሃያ ስምንት» አለች።

እጁን ሰደደ ልጁ።
የሦስቶቹ ረድፍ ባዶ ነው፤ ቆመ እንደ ለማኝ በደጁ።
አራት ሦስት ነበረ፤ አራቱን በላቸው፤
ሲያሸንፍ፣ ሲያሸንፍ፣ ሲያሸንፍ ጨረሳቸው።

ሠላሳ አንድ ቅርብ ነው፣ ሦስት እርምጃ ማዶ፣
መሻገሪያው ግን የለም፤ እንደ ዳኑብ፣ በረዶ።
አምስት አለ፣ ስድስት አለ፤ ሁለቱም ያሳልፋል፤
አንድ ቢል እሷ ሁለት፣ ሁለት ቢል እሷ አንድ፤ በየት በኩል ያልፋል?
አንድ አነሣ። ሁለት አነሣች።
ያ ቃል በልጁ ላይ ጠበቀ። ወንበሩን ሳበች፣
ጫማዋን አውልቃ እግሯን ለእሳት ሰጠች።

«ስሌትህ ልክ ነው» አለችው ጥቂት ቆይታ፣
«አንዲት እንከን የለውም፣ ያስደስታል ላፍታ።
እኔ ግን ወጥ ቤት ነኝ፤ ወንዙ ሲጋገር፣
ዐሥር ቀን ስንቆም ርቀን ከወደብ ከአገር፣
‹ለሾርባው አራት ሽንኩርት› ማለትን ሁሉ ይችላል፤
ከረጢቱን የዳበሰ እሱ ነገም ይበላል።
አራትን ያነሣሁት አራት ወድጄ አይደለም፤
ሦስትህን ላስጨርስ ነው። ሌላ ተንኮል የለም።»

ሌሎቹ አንኮራፉ። ዶሪኔል በላበው መስኮት
በጣቱ ጻፈ፣ ደመሰሰ፣ ጻፈ፤ ጭጋጉ ሰሌዳ ሆኖት።
ስንት እንደሚደመር ሳይሆን ስንት እንደቀረ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ቆጠረ።
ጎህ ሲቀድ፣ በረዶ ሰባሪው ሲያጓራ ከማዶ፣
«በአምስት ነበር መጀመር!» አለ፣ ጣቱ ደርቆ እንደ በረዶ።

«በአምስት» አለች ፕሮፊራ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣
«እኔስ ያወቅሁት ብራይላ ላይ ነው፣ ቦት ጫማዬን ካስበላሁ በኋላ፣ በባዶ እግሬ ውርጭ ስረግጥ።»

የመጨረሻው ፍልጥ አመድ ሆኗል። ወንበሩን ለቀቀችለት፤
ሙቀቱ ያለቀ ወንበር ነው፤ ቢሆንም ተቀመጠበት።